ሽቅብ የወጡት አርባ አንድ ችካሎች

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የፖሊስ ጣቢያችን ስልክ ጮኸ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስልክ ማንሳት የሹፌር ሥራ አይደለም፤ ግን ተረኛው ሻይ ፍለጋ ወጥቶ ነበር፣ እኔም ወንበሩን ሙቅ አግኝቼው ተቀምጬበታለሁ።

«ተሰርቀናል!» አለ አንድ ሰው፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ እያለው።

«ምን ተሰረቃችሁ?»

«ችካል! አርባ አንድ ችካል!»

«ጠፋ ማለት ነው?»

«አልጠፋም። ይኸው ይታየኛል።»

«ጌታዬ፣ ከታየዎት ምኑ ተሰረቀ?»

«ሄዷል እኮ ነው የምልህ! ከተተከለበት ተነስቶ ሽቅብ ሄዷል!»

የስልኩን አፍ በመዳፌ ከደንኩና ለኢንስፔክተሯ «ከማለዳው የቀማመሰ ሰው ነው መሰለኝ» አልኳት።

ኢንስፔክተሯን፣ እሷ በሌለችበት፣ ሁላችንም «እስቲ» ነበር የምንላት። ጥያቄዋ ሁሉ በ«እስቲ» ይጀምራል። እስቲ ቁጭ በል። እስቲ ንገረኝ። እስቲ እንደገና ንገረኝ። ሦስተኛው «እስቲ» ላይ ያልተናዘዘ ሌባ አላየሁም። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ ጠረጴዛ አትደበድብም፤ እንዲሁ የሰውን ፊት እንደ መጽሐፍ ገልጣ ቁጭ ትላለች።

«እስቲ መኪናውን አስነሳ ጋሼ» አለችኝ። «የሚራመድ ችካል አይቼ አላውቅም።»

ሐይቁ የከተማው ነው። የማንም የግል ርስት አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ያም ሆኖ ለስንት ዘመን ውሃው ዘንድ መድረስ የሚችለው ወይ ቄጠማ የማይፈራ ሰው ነበር፣ ወይ ቆሻሻ ሊጥል የመጣ። በዚያ ዓመት ግን ከተማው ቆረጠ። ዙሪያውን የእግር መንገድ፣ የልጆች ዥዋዥዌ፣ መዋኛ፣ የጀልባ ማቆሚያ፣ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ሊያደርግበት ፕላን ወጣ። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕዝቡ እዚያው ዳርቻው ላይ ተሰብስቦ መስመሩን በዓይኑ ሊያይ፣ ምክር ቤቱም እዚያው እጅ አውጥቶ ሊያጸድቅ ቀጠሮ ተይዟል። መስመሩ ማለት እንግዲህ ችካሎቹ ናቸው፤ ጉልበት የሚደርሱ እንጨቶች፣ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ። ከችካሉ በላይ ይሠራል፤ ከችካሉ በታች እስከ ውሃው ሣር ብቻ ይሆናል። ነገሩ ይኸው ነው።

ስንደርስ የደወለው ሰውዬ፣ የፕላን ቢሮው ኃላፊ፣ በነጭ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቆሞ አገኘነው። ከጎኑ አንዲት ወጣት የወረቀት ጥቅል ታቅፋ ቆማለች። ቀያሿ ናት። ችካሎቹን አንድ በአንድ ለክታ ያስተከለችው እሷ ናት፤ ሁለት ሳምንት ፀሐይ በልቷታል። ዓይኗ ቀልቷል።

«ቅዳሜ ማታ ጨርሼ ስሄድ እዚያ ታች ነበሩ» አለች፣ በጣቷ እያሳየች። «ዛሬ ደግሞ እዚህ ናቸው።»

ከድሮው ቦታ አርባ እርምጃ ያህል ወደ ዳገቱ ወጥተዋል። ተወርውረው አይደለም፤ ተተክለው ነው። አርባ አንዱም ቀጥ ብለው፣ በሚያምር መስመር ዳርቻውን ተከትለው ይታጠፋሉ።

«ወይ መጀመሪያውኑ አበላሽታዋለች፣ ወይ ጠላት አለባት» አለ ኃላፊው። «እስከ ሐሙስ ካልተጣራ ስብሰባው ይሰረዛል። ፕላኑ መሳቢያ ገባ ማለት ነው። መሳቢያ የገባ ነገር ደግሞ... ታውቂዋለሽ። ለዚህ አንድ ሰው መጠየቅ አለበት። እሷ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም።»

ልጅቷ ወረቀቷን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።

ኢንስፔክተሯ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ተጓዘችው። እኔም ተከተልኳት። ታች፣ ችካሎቹ የተነቀሉባቸው ጉድጓዶች በአፈር ተሞልተዋል፤ ተረግጠው ተደልድለዋል፤ የሣሩ ቁራሽ ሳይቀር ወደ ቦታው ተመልሷል።

«ምን ዓይነት ሌባ ነው?» አልኩ። «ቤት ሰብሮ ገብቶ አልጋ አንጥፎ እንደ መውጣት እኮ ነው!»

ሳቀች። ከዚያ አሥራ ዘጠነኛው ችካል ሥር ተቀመጠችና አንድ ነጭ ድንጋይ አነሳች። ላዩ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ነጠብጣብ አለች።

«ደም!» አልኩ እኔ።

መሐረቧን በጤዛ አርሳ ድንጋዩን ጠረገችው። ነጠብጣቧ ወዲያው ሟሙታ ጨርቁን ሐምራዊ አደረገችው።

«ደም አይደለም። የችካሉ ቀለም ቢሆን ደግሞ በውሃ አይለቅም። የብዕር ቀለም ነው ጋሼ። ቀይ የብዕር ቀለም።»

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ጀልባ ነጂዎቹ አለቃ ነው። ሰው «አድሚራል» ይለዋል፤ ስምንት ጀልባ አለው፣ ሁለቱ ያፈሳሉ። አንዱን ገልብጦ እየደፈነ ነበር።

«እስቲ ችካሎቹን መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?» አለችው።

«ማየት ብቻ? ተዋውቀናል እንጂ!» ጫማውን አውልቆ የቆሰለ አውራ ጣቱን አሳየን። «ቅዳሜ ወደ ማታ ላይ ያ የታችኛው ችካል እንዲህ አደረገኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ አደረ። እሁድ ቀትር ላይ ልበቀለው መጥቼ ልረግጠው ብል የለም! ፈርቶ ሸሸ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።»

«እሁድ ጠዋትስ የት ነበርክ?»

«አልጋዬ ላይ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ። ሚስቴን ጠይቂያት፤ ስታማርር ነው የዋለችው። ደግሞ እኔ ለምን አወጣዋለሁ? የጀልባ ቤቴ ከመስመሩ ላይ ሊሠራልኝ ነው። መስመሩ በወጣ ቁጥር ጀልባ የምጎትተው እኔ! ወገቤን ጠላሁት እንዴ?»

ቀጥለን ባለሆቴሉ ዘንድ ሄድን። ዳገቱ ላይ ያለ ትልቅ ቤት ነው። ሰውየው ክብ ነው፣ ሳቁም ክብ ነው፤ ያን ቀን ግን አልሳቀም።

«እኔን ነው የምትጠረጥሩት?» አለ። «ነይ እይው!» ጎትቶ በጓሮ በር አወጣን። አንድ ችካል ከወጥ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ ቆሟል። «ውሃው ዳር የሙዚቃ ሰገነት ሊፈቀድልኝ ነበር። አሁን ሙዚቀኞቹን የት ላስቀምጣቸው? ድስት ላይ? እኔ ብሆን ወደ ውሃው አስጠጋዋለሁ እንጂ ወጥ ቤቴ ውስጥ አስገባዋለሁ?»

እውነቱን ነው። ኢንስፔክተሯም ራሷን ነቀነቀች።

«እስቲ ዘበኛህን ጥራልኝ።»

ዘበኛው ውሻውን አስከትሎ መጣ። ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ዳርቻውን ዞሬአለሁ፣ አንድም ነገር የለም፣ አለ። «ሲነጋ ግን እጅህን ዘርግተህ ጣትህን የማታይበት ጉም ወረደ። እስከ አምስት ሰዓት አልተነሳም። ገብቼ ተቀመጥኩ። ማንም አልነበረም። እነዚያ ልብስ የሚያሰጡት ባልና ሚስት ብቻ።»

«የትኞቹ ባልና ሚስት?»

«አላየኋቸውም፤ ሰማኋቸው እንጂ። ‹ከፍ አድርገው!› ትላለች። ‹ዝቅ አለ እኮ!› ይላል። ‹አንተ ሰው፣ ጆሮ የለህም?› ትላለች። መዶሻም ነበር፤ የገመዱን ምስማር ሲመቱ ይሆናል።»

«በጉም ልብስ ይሰጣል እንዴ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ ባልና ሚስት ናቸው። ባልና ሚስት ካልሆነ እንደዚያ የሚነጫነጭ አለ?»

ከሰዓት በኋላ በዳገቱ ያሉትን ጥቂት ቤቶች አዳረስን። የመጨረሻው የሁለት ጡረተኞች ቤት ነው። ሽማግሌው ግንበኛ ነበሩ። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸውም እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ፣ ሰፈሩ በግንበኛ ማቅኛው ክር ስም «ጋሼ ቱምቢ» ይላቸዋል። ሚስታቸው የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን አትክልቷን ትኮተኩታለች። ስንገባ በጣሳ ጎመን ታጠጣ ነበር። ግድግዳው ላይ ደግሞ ረጅም፣ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

«እማማ፣ ቱቦው እያለ በጣሳ?» አልኳት።

«እሱ እረፍት ላይ ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋ ሻካራ ሆኖ።

«አሞዎታል እንዴ?»

«ብርድ መታኝ ልጄ።»

«እኔንም» አሉ ጋሼ ቱምቢ ከበሩ ላይ። ድምፃቸው ከእሷ የባሰ ተዘግቷል፤ ዝገት የያዘው ማጠፊያ ይመስላል።

«እስቲ እሁድ ጠዋት የት ነበራችሁ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ቤት። እሱ ምስክሬ ነው።»

«ቤት። እሷ ምስክሬ ናት።»

ሻይ አፈሉልን። ኢንስፔክተሯ ሻይዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁም ሣጥን ትመለከት ነበር፤ ከታች እስከ ላይ በደብተር የተሞላ ነው። እኔ ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ ብስኩቱን ነበር የምመለከተው። አመስግነን ወጣን።

መኪና ውስጥ «ማን ነው እንግዲህ?» አልኳት።

«ይሄ ነገር ምኑ እንደሚገርመኝ ታውቃለህ? ማንም አልተጠቀመም። ጀልባ ነጂው ተጎዳ፣ ባለሆቴሉ ተጎዳ፣ ቀያሿ ከሁሉ በላይ ተጎዳች። ሰው ለራሱ ጥቅም ካልሆነ አርባ አንድ ችካል ለምን ይሸከማል?»

ማክሰኞ ጠዋት የፕላን ቢሮው ኃላፊ ዘንድ ገባን። ጠረጴዛው ላይ ከጠረጴዛው የሚበልጥ የደብዳቤ ክምር አለ። እኛን እያናገረ እጁ አያርፍም፤ አንዱን ደብዳቤ ያነሳል፣ ጥጉ ላይ «ይታይ» ብሎ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ወደ ሌላው ክምር ይወረውራል። በቀይ ብዕር።

ኢንስፔክተሯን በክርኔ ነካኋት።

«እስቲ እሁድ ጠዋት የት ነበሩ?» አለችው።

«እኔ?! አማቴ ዘንድ፣ የግቢያቸውን በር ስጠግን!»

እዚያው ፊቱ አማትየዋ ዘንድ ደወለች። ሴትየዋ ስትናገር ስልኩ ጆሮዬ ላይ ባይሆንም ሰማኋት። «አዎ መጥቷል! እስከ ቀትር ቆይቶ በሩን ጨርሶ ገንጥሎት ሄደ! ፖሊስ ከሆናችሁ እሱንም ያዙልኝ!»

ኃላፊው እንደ ብዕሩ ቀላ።

«እስቲ ይሄ ‹ይታይ› የሚሉትን ማን ነው የሚያየው?» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ክምሩን እየተመለከተች።

«የሚመለከተው ክፍል።»

«የሚመለከተው ክፍል የት ነው?»

አንድ ደብዳቤ አነሳና «ይታይ» ብሎ ጻፈበት። እሷ ወንበር ሳበችና ክምሩን ማገላበጥ ጀመረች። ግማሽ ሰዓት ቆየች። ሦስት ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ፈርማ ወሰደቻቸው። ምን እንደሆኑ አልነገረችኝም። እኔም ሹፌር ነኝ፤ አልጠየቅሁም። ውስጤ ግን ተቃጠለ።

ከዚያ ቀያሿን ይዘን ወደ ሐይቁ ሄድን።

«እስቲ የመለኪያ መነጽርሽን ትከይልኝ» አለቻት። «አዲሱን መስመር ለኪልኝ።»

«ምን ይለካል?» አለች ልጅቷ፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። «የወሮበላ ሥራ ነው።»

«እስቲ።»

ባለሦስት እግሩን መነጽር ተከለች። እኔ ረጅሙን የልኬት ዘንግ ይዤ ከችካል ችካል ሮጥኩ። አንደኛውን አነበበች፣ ጻፈች። ሁለተኛውን አነበበች፣ ጻፈች። አምስተኛው ላይ መነጽሩን በመሐረብ ጠረገችው። አሥረኛው ላይ ራሷን ቀና አድርጋ ዳገቱን አየችው። ሃያኛው ላይ መጻፍ አቆመች።

«ጋሼ፣ ዘንጉን በደንብ ይዘኸዋል?»

«አፈር እያስነካሁት ነው እኮ!»

«አርባ አንዱም እኩል ናቸው» አለች፣ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞራ። «የሁሉም እግር አንድ ከፍታ ላይ ነው። አንድ ጣት አይበላለጡም። እኔ እንኳ በመሣሪያ እንዲህ ማድረግ... ይሄ የወሮበላ ሥራ አይደለም። የባለሙያ ሥራ ነው። ግን በጉም መነጽር አያሳይ! በምን ለኩት?»

ያኔ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ቤቴን ሳሠራ ግንበኞቹ መነጽር አልነበራቸውም። ረጅም የላስቲክ ቱቦ ውሃ ይሞላሉ፤ አንዱ ይህን ጫፍ ይይዛል፣ አንዱ ያንን። ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ነው የሚቆመው። ግድግዳ ቢጋርዳቸውም፣ እየተጯጯሁ ይለካሉ። «ውሃውም ጎልቶ እንዲታይ ቀለም ጠብ ያደርጉበታል» አልኩ። እንዳልኩም አፌ ተከፍቶ ቀረ።

ኢንስፔክተሯ ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ አንተን ሹፌር ያደረገህ ሰው ተሳስቷል።»

መስመሩን ተከትለን አሮጌው የፓምፕ ቤት ደረስን። አንዱ ችካል ከግድግዳው ሥር ነው የቆመው። ግድግዳው ላይ፣ ልክ ከችካሉ እግር ትይዩ፣ በሚስማር የተጫረ መስመር አለ። አድሚራል እያነከሰ ደረሰብን።

«ይሄ? ይሄማ ሐይቁ የወጣበት ዓመት ነው! ጎረምሳ ነበርኩ። ጀልባዬን ከዚያ መስኮት ጋር ነበር ያሰርኩት። እስካሁን ሽማግሌው ሁሉ ያወራዋል፣ ወጣቱ ደግሞ ሲዋሹ ነው ይላል።»

«እስቲ ማን ነው የጫረው?»

«እትዬ ልክ ናቸዋ! በየማለዳው እዚያ ውሃው ውስጥ የቆመው ምሰሶ ላይ የውሃውን ልክ ያነቡ የነበሩት። እኚያ ዳገቱ ላይ ያሉት፣ የጋሼ ቱምቢ ሚስት።»

ቀያሿ ወደ ሐይቁ ዞረች። በችካሎቹና በውሃው መካከል ያለውን ሰፊ ሣር አየችው፤ እሷ በፕላኑ ዥዋዥዌ የሣለችበትን ቦታ። ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

ረቡዕ ጠዋት ሦስታችን ዳገቱን ወጣን። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ልክ። «ብቻዬን ነው ያደረግኩት። እሱ ተኝቶ ነበር።»

«አትስሟት!» አሉ ጋሼ ቱምቢ ከኋላዋ። «እኔ ነኝ። ብቻዬን።»

«አንተ ምን ታውቃለህና! ልኩን የነገረህ ማነው?»

«መዶሻውን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«እስቲ አንዴ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሁለታችሁም ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ጉሙ ውስጥ ድምፃችሁ እስኪዘጋ የተጯጯሃችሁት ከማን ጋር ነው?»

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሳቋ በሳል አለቀ። ከዚያ ገብታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች።

ሠላሳ አንድ ደብተር። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተነበበ የውሃ ልክ፣ በሰማያዊ ቀለም፤ ውሃው ከሦስት ሜትር በላይ ሲወጣ በቀይ። መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ሲቀይር «አሮጌ ወረቀት ይቃጠል» ተብሎ ነበር። እሷ በጋሪ ጭና ወደ ቤቷ አመጣችው። ቀይ የብዕር ቀለሟም እዚያው ከደብተሮቹ አጠገብ በጠርሙስ ቆሟል፤ ግማሹ የለም።

አንዱን ደብተር ገልጣ ለቀያሿ አቀበለቻት። ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። አራት ሜትር ከሃያ።

«አራት ጊዜ ወጥቷል» አለች። «ሁለቱን ጊዜ እስከ ፓምፕ ቤቱ። አንቺ ዥዋዥዌውን ያደረግሽበት ቦታ ላይ ሰው በአንገቱ ነው የሚቆመው።»

ልጅቷ ገጹን በጣቷ እስከ ታች ተከተለችው። «እኔ የተሰጠኝ የአምስት ዓመት ልኬት ነው። መሣሪያው ከተተከለ ወዲህ ያለው።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። አምስቱም ድርቅ ነበሩ። በተሰጠሽ ልክ ከሆነ ሥራሽ እንከን የለውም፤ አይቼዋለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» እጇን ያዘቻት። «ግን ሰኞ እዚያ ታች ቆመሽ ስታለቅሺ ከመስኮት አየሁሽ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። እኛ አንቺ ትጠየቂያለሽ ብለን አላሰብንም። ነገ መጥቼ ልናገር ነበር፤ ይኸው ቀደማችሁኝ።»

«ለምን መጀመሪያ አልተናገሩም?» አልኩ እኔ፣ ሳላስበው ተቆጥቼ።

ኢንስፔክተሯ መልሱን አልጠበቀችም። ከቦርሳዋ ሦስቱን ወረቀቶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ሦስት ደብዳቤ፣ ሁሉም የእትዬ ልክ እጅ ጽሑፍ። «ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ውሃ የሚገባበት ስለሆነ እባካችሁ ደብተሮቼን እዩልኝ።» የሦስቱም ጥግ ላይ፣ በቀይ፦ ይታይ። ይታይ። ይታይ።

«ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሰው አልመጣም» አለች እትዬ ልክ። «እንግዲህ ችካሉን ካነሳነው ፖሊስ ይመጣል፣ ፖሊስ ደግሞ ‹ለምን› ብሎ ይጠይቃል አልን። ሰኞ ስትመጡ ግን እኔ ለእሱ ፈራሁ፣ እሱም ለእኔ፤ ዋሸን። ይኸው ዛሬ ደግማችሁ መጣችሁልኝ። ብስኩት ጨምርላቸው አንተ!»

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳርቻው በሰው ሞላ። ወሬ እግር አለው፤ ለፕላኑ ያልመጣው ሌባውን ለማየት መጣ። ከንቲባው፣ ምክር ቤቱ፣ አድሚራል በአንድ ጫማ፣ ባለሆቴሉ እጁን አጣምሮ፣ ዘበኛው ከነውሻው።

ኢንስፔክተሯ ወጣች። «ችካሎቹን ያነሱትን ይዤአለሁ» አለች። ሕዝቡ ሌባውን ለማየት ተንጠራራ። ሁለቱ ሽማግሎች ቱቦአቸውን ተሸክመው፣ ደብተሮቹን በጋሪ አስጭነው ወደ ፊት ሲመጡ ግን ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ። ዘበኛው ከሁሉ በላይ ጮኸ፦ «አላልኳችሁም? ባልና ሚስት ናቸው ብያለሁ!»

ከዚያ ሕዝቡ ፊት የወጣችው ቀያሿ ናት። ማንም አላዘዛትም። «እኔ የተከልኩት መስመር ትክክል አልነበረም» አለች፣ ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጥኖ፣ ኋላ እየጠነከረ። «የእነሱ ትክክል ነው። አሳያችኋለሁ።» የቱቦውን አንድ ጫፍ ለጋሼ ቱምቢ ሰጠች፤ እሳቸው የፓምፕ ቤቱ ጭረት ላይ ያዙት። ሌላውን ጫፍ፣ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ አንዱ ችካል ሥር ለቆመው ከንቲባ ሰጠችው። ከንቲባው ምን ያድርግ፣ ያዘ።

«ከፍ ያድርጉት!» አለች እትዬ ልክ፣ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ።

«እንዲህ?»

«አይ! ዝቅ! አንተ ሰው፣ ጆሮ የለህም?»

ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከንቲባውም ሳቀ፤ ቱቦውም ሳቀና ቀይ ውሃ ሸሚዙ ላይ ረጨበት። ቀዩ ውሃ ግን ሲረጋ፣ በችካሉ እግርና በጭረቱ ላይ እኩል ቆመ። ሰዉ በየተራ እየመጣ አየው። ከዚያ ከችካሎቹ በታች ያለውን ሰፊ ሣር አየ፤ ማንም አላስረዳውም፣ ገባው።

ባለሆቴሉ እጁን ፈታ። «ሙዚቀኞቼ ሊሰጥሙልኝ ነበር ማለት ነው?» አለ። «ከነከበሮአቸው?»

«ከነከበሮአቸው» አለች እትዬ ልክ።

«ወጥ ቤቱን አፈርሰዋለሁ! ሰገነቱ እዚያ ይሁን!»

አድሚራል ደግሞ ለጀልባዎቹ ማንሸራተቻ ካልተሠራልኝ ብሎ ሲከራከር፣ ቀያሿ እዚያው ወረቀቷ ላይ ሣለችለት። ምክር ቤቱ እጅ አወጣ። አንድም እጅ አልቀረም። የችካሉ ስርቆት አቤቱታ ተሰረዘ፤ ከንቲባው ከኪሱ ብዕር ቢያጣ የፕላን ቢሮውን ኃላፊ ቀይ ብዕር ተቀበለና ሦስቱ ደብዳቤዎች ጥግ ላይ «ታየ» ብሎ ፈረመ። ኃላፊው ነጭ ጫማውን አወለቀ፣ ሄደና የመጀመሪያውን ደብተር ከጋሪው ላይ ራሱ ተሸከመ። እኔ ለዚህ ብዬ ይቅር አልኩት። በሩን ግን አማቱ ይቅር አላሉትም አሉ።

ፋይሉ እኛ ዘንድ እንዲህ ተዘጋ፦ «አርባ አንዱም ችካል በትክክለኛ ቦታቸው ተገኝተዋል።»

ሁለት ዓመት አለፈ። መንገዱ ተነጠፈ፣ ዛፉ ተተከለ፣ ዥዋዥዌው ተሰቀለ። ከዚያ ያ የዝናብ ዓመት መጣ። ዘነበ፣ ዘነበ፣ ሐይቁም ሽቅብ ተነሳ። ሣሩን በላ፣ በቀን አንድ ክንድ እየጨመረ ወጣ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ከተማው ሁሉ ሊያይ ወረደ፤ እኔና ኢንስፔክተሯም ሄድን። ቀያሿ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ምሰሶውን ታነባለች። አሁን የምታነበው እሷ ናት፤ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ።

ከዳገቱ በረንዳ ላይ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። «ስንት ሆነ?»

«አራት ከአሥር! ቆሟል!»

«በምን ጻፍሽው?»

«በቀይ!»

«ተባረኪ የኔ ልጅ!»

ውሃው ከዥዋዥዌው ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። ልጆቹ እየተወዛወዙ፣ ወደ ፊት ሲመጡ እግራቸውን ዘርግተው ሊነኩት ይሞክራሉ፤ አይደርስላቸውም፣ ይጮኻሉ። ከላይ ከሰገነቱ ሙዚቃ ጀመረ፣ ከበሮው በደረቁ። ችካሎቹ ሽቅብ ባይወጡ ኖሮ ዛሬ እነዚህ ልጆች የት ይሆኑ እንደነበር አሰብኩ።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ አለችና ጫማዋን ፈታች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እስቲ ይሄን ያዝልኝ።»

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ውሃው ውስጥ ገባች።